የአሥራ አምስት ደቂቃ አንቱታ

አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ፤ ብሩክስ፣ አልበርታ፣
ነፋሱ የሥጋ ፋብሪካውን ሽታ የሚያድልባት ጠዋትና ማታ።
ስሟን ስሰማ በልጅነቴ «ብሩክ» የሚሉ ይመስለኝ ነበር፤
«ስ»ዋ እንደኛው መጥታ የቀረች ናት፣ ለሥራ ሳይሆን አይቀር።

ሚስ ኮቫልቹክ ሶሲዮሎጂ ስታስተምር ሰሌዳ አትነካም፤
ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ትጠይቃለች፣ መልስ ግን አትሰጥም።
«ካፍቴሪያው ውስጥ ማን ከማን ይቀመጣል? ማነው ለብቻው?
ይህንንስ ሕግ ማን ጻፈው?»
ጆማር ከፊሊፒኖዎቹ፣ በመስኮቱ በኩል፤
ሆኪ ተጫዋቾቹ መሀል፤
እኔ ከሒባቅ ጎን፣ ግማሽ ወንበር ላይ፣ ድፍን ሁለት ዓመት።
ማንም አልጻፈውም፤ ሁላችን ግን በቃላችን እንወጣዋለን፣
እንደ አቡነ ዘበሰማያት።

አንድ ሐሙስ እንዲህ አለች፦ «በገዛ ቤታችሁ ተከራይ ሁኑ፣
ለአሥራ አምስት ደቂቃ። ፍሪጅ ለመክፈት አስፈቅዱ፤
ውሃ ሲሰጧችሁ አመስግኑ።
ለምን እንደሆነ አትናገሩ።
የሆነውን ጻፉ፤ የተሰማችሁንም፣ አትፍሩ።»

በእንግሊዝኛ ቀላል ነው፤ አንድ «ፕሊስ» ይበቃል።
በአማርኛ ተከራይ ለመሆን ግን ግሡ ሁሉ ልብስ ይቀይራል።
እማዬን አፌን ከፈታሁ ጀምሮ «አንቺ» ነው የምላት፤
«አንቺ» ነጠላ ጫማ ናት፣
እግር ሳያያት የሚገባባት።
«አንቱ» ለቄስ፣ ለሐኪም፣ ለአባባም የሚወለወል ቆዳ ነው፤
ሲራመዱበት ድምፁ የሚሰማው።

ዓርብ ማታ። እማዬ ቢላ ሲጨብጡ የዋሉ ጣቶቿን ዘፍዝፋ
ጨው ባለው ሙቅ ውሃ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ግድግዳ ተደግፋ።
የስልኬን ሰዓት አስጀመርኩ።
«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ፍሪጁን ብከፍተው ቅር ይልዎታል?»
ዞር ብላ ኋላዋን አየች። «ማነው? ማን መጥቷል?»
«እርስዎን ነው፣ ወይዘሮ ጥሩወርቅ።»
ያፌት ሳቀ፤ ፊቷን ሲያይ ግን ሳቁን ዋጠው፣
እንደ ትኩስ ድንች ሳያላምጠው።
«ኖላዊት፣ ምን ሰማሽ? ማን ደወለ?
ሰው እንዲህ የሚለሰልሰው መርዶ ሲይዝ ነው፤
ንገሪኝ፣ ማነው የሞተው?»
ከእጇ ውሃ ይንጠባጠባል።
አራት ደቂቃ ከሰባት ሴኮንድ። መናገር ተከልክሏል።

አባባ ለሌሊት ፈረቃ ተነሥተው በሩ ላይ ቆመዋል፣ ቦት ጫማቸውን ይዘው።
«እርስዎም ተከራይ ነዎት?» አሉኝ፣ አንገታቸውን ሰበር አድርገው።
«እኔ የኋላውን ክፍል ይዣለሁ፤ አሥራ አንድ ዓመቴ።
እነሱ ሲገቡ እወጣለሁ፤ ሲወጡ እገባለሁ ወደ ቤቴ።
ከባለቤቴ ጋር የምንጻጻፈው ፍሪጁ ላይ ነው፣ በማግኔት ሥር።
ቤቱ ደህና ነው፤ ጸጥ ያለ ነው፤
ያው ሰው የለበትም እንጂ የሚያናግር።»

ማንም አልሳቀም።
ሰዓቱ ይቆጥራል።
«ባለቤት ማለት ድርጊቱን የሚፈጽመው ነው» ብለውን ነበር
የቅዳሜው የአማርኛ መምህር፤
ያን ማታ ግን በዚያ ሁሉ ዓረፍተ ነገር ውስጥ
ባለቤቱን ፈልጌ አጣሁት።

ለሚስ ኮቫልቹክ ሁለት ገጽ ጻፍኩ፦ «መጀመሪያ ግራ መጋባት፣ ቀጥሎ ፍርሃት።»
አባባ ያሉትን አልጻፍኩላት።
በቀይ እስክሪፕቶ ጠየቀችኝ፦ «አባትሽስ? ቤት አልነበረም?»
(በእሷ ቋንቋ «እሱ» እና «እሳቸው» አይለያዩም።)
በአንድ ቃል መለስኩ፦ ፈረቃ።

ቅዳሜ ጠዋት ያየሁትንም አልጻፍኩም።
የእማዬ ጽሕፈት ነው፣ ፍሪጁ ላይ፣ በማግኔቱ ሥር፦
«ምስሩ ከታች ነው። አሙቀው ይብሉ። ስለ ኪራዩ እሁድ እንነጋገር።»
«ይብሉ» ትላለች፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት «ብላ» ስትል የኖረች ሴት።
ቀልድ ነው? ቅያሜ ነው? የፍሪጁ በር ቀዝቅዞኝ ቆሜ አነበብኩት።
እስከዚህ ምዕራፍ ገና አልደረስንም ነበር።